«በልቻለሁ»፦ ሰው ቤት ያደገ ልጅ ባል ሲሆን

ለምን ጻፍኩት

የባልና ሚስት ምክር ሥራ ከጀመርኩ ዐሥር ዓመት አልፎኛል። ክሱ አብዛኛውን ጊዜ የምታውቁት ነው። ያመሻል፣ ትጨቃጨቃለች፣ እናቱ ገባችብን፣ ገንዘብ ትደብቃለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የመጣችው ሴት ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ቁጭ እንዳለች፣ «ባሌ በጣም ጨዋ ነው፤ ከዚህ በላይ አልችልም» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሷ አልሳቀችም።

ባልየው አጠገቧ ነበር። አንገቱን ነቀነቀና «እውነቷን ነው» አለ። ተስማማ። ኋላ እንደገባኝ ችግሩ ይሄው ነበር፤ ሁልጊዜ ይስማማል።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ስለ ጠባይ አፈጣጠር ካነበብኩት ብዙ መጽሐፍ የበለጠ ስላስተማረኝ ነው። ደግሞም እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩበት ስለሆነ። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደዋል። ስም የለም፤ ሥራቸውን፣ ሰፈራቸውንና አንዳንድ ቁጥሮችን ቀይሬያለሁ። የቀረው እንዳለ ነው።

ሰዎቹ

እሱ ያኔ 35 ዓመቱ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። የተወለደው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ፣ ገጠር ነው። አባቱ ሲሞት እናቱ አራት ልጅ ይዛ ቀረች። በ1988 ክረምት ላይ፣ የ9 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ለትምህርት ተብሎ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ተላከ። ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ወይ እንዲህ አድጋችኋል፣ ወይ ቤታችሁ እንዲህ ያደገ ልጅ ነበር።

የአክስቱ ቤት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ባልና ሚስት፣ አራት ልጆች፣ እሱ ሰባተኛ። ማታ ሳሎን ውስጥ ሰሌን አንጥፎ ጋቢ ለብሶ ይተኛል፤ ጠዋት ቤተሰቡ ከመነሳቱ በፊት ጠቅልሎ ያነሳል። ማንም አልመታውም። ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ደብተር ገዙለት፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ ወሰዱት። አክስቱን እስካሁን «እናቴ» ነው የሚላት። ይህን የማነሳው ገና «ሰው ቤት ያደገ» ስንል የጭካኔ ታሪክ የሚጠብቅ አንባቢ ስለማይጠፋ ነው። እዚህ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም።

በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ተጋድሞ ሳለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የአክስቱ ባል ለሚስቱ ሲናገር ሰማ። «እንግዲህ አንድ አፍ ተጨመረ።» ተቆጥቶ አልነበረም። የወሩን ጤፍ የሚያሰላ አባወራ የሚናገራት ዓይነት ነገር ነች። በማግሥቱ ምሳ ሲቀርብ ልጁ «በልቻለሁ» አለ። የት እንደበላ የጠየቀው የለም። ቤቱ ሰው የሞላበት ነው፤ ልጆቹ ሌላ ቦታም ይበላሉ።

ከዚያ በኋላ «በልቻለሁ» ሥራ ሆነ። እንጀራው ሲያንስ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። የአክስቱ ባል ከሥራ ሲገባ የጫማውን ድምፅ ሰምቶ ዛሬ ምን ዓይነት ማታ እንደሆነ ይለያል። ውኃ ሳይታዘዝ ይቀዳል። ደብተር ሲያልቅበት የድሮውን ደብተር ኅዳግ ላይ ይጽፋል። ሰፈሩ በሙሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ!» ይላል። አስቡት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ስትሞገስ ማን ትሆናለህ?

እሷ 31 ዓመቷ ነበር፣ መርካቶ አካባቢ ተወልዳ ያደገች፣ የስድስት ልጆች የመጨረሻ። ትሪው ላይ ቶሎ ያልደረሰ ወጡ ያልቅበታል። «እኛ ቤት ያልጮኸ አይሰማም» ትላለች። ይጣላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ይስቃል።

ለምን ወደድሽው አልኳት። «ረጋ ያለ ነው። እኛ ቤት እንደዚህ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። እሱን ጠየቅሁት። «እሷ ጋ መገመት የለም፤ የምትፈልገውን ትናገራለች» አለኝ። እንግዲህ ሁለቱም የተፈላለጉት ያደጉበት ቤት ውስጥ ያጡትን ነገር አይተው ነው። የተጣሉትም በዚያው ነገር ነው። ይህን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሰው የወደደበትን ጠባይ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደ ክስ ይዞት ይመጣል።

ችግሩ

የፈነዳው በዋስትና ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር 180,000 ብር ሲበደር ሁለት ዋስ ያስፈልገው ነበርና አንዱ እሱ ሆኖ ፈረመ። ባልደረባው ሥራውን ለቆ ጠፋ። ከ2013 ግንቦት ጀምሮ በየወሩ 3,000 ብር፣ ሲሶ ሊሆን ምንም ያልቀረው ገንዘብ፣ ከደመወዙ ይቆረጥ ጀመር። ለሚስቱ አልነገራትም። ምሳ ትቶ፣ ታክሲ ትቶ በእግሩ እየሄደ፣ ቀዳዳውን ብቻውን ሊደፍን አምስት ወር ታገለ። ያወቀችው የልጃቸው የኬጂ ክፍያ ዘግይቶ ከትምህርት ቤቱ ሲደወልላት ነው። ስትመረምር ለሌሎች ሁለት ሰዎችም ፈርሞ ኖሯል።

«ለምን ፈረምክ?»

«ጠየቀኝ።»

መልሱ ይሄው ነው። ሌላ የለም።

(በነገራችን ላይ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ስንቱ ሰው ያውቀዋል? ሁለቱም አያውቁም ነበር፤ ሲፈርምም የጠየቀው አልነበረም።)

እኔን ግን ከዋስትናው የበለጠ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እሷ ራሷ ከሦስተኛው ቀጠሮ በፊት አልነገረችኝም፤ ትንሽ ነገር መስሏት። አንድ ቀን ራሷን አሟት ተኝታለች። እሱ ከሥራ ሲገባ፣ እራት ላቅርብልህ አለችው። «በልቻለሁ፣ ተኚ» አላት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ውኃ ልትጠጣ ስትነሳ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መብራት ሳያበራ፣ ቆሞ ደረቅ ዳቦ ሲበላ አገኘችው። በገዛ ቤቱ። ፍሪጅ ውስጥ ወጥ ነበር። «እኔ ያገባሁት እንግዳ ነው» አለችኝ። «አምስት ዓመት እንግዳ አስተናገድኩ።»

ሽማግሌዎቹ

እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ጉዳዩን ሽማግሌዎች አይተውት ነበር። ሦስት የተከበሩ ሰዎች። ስለ ዋስትናው ገሠጹት፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጉልበት ስሞ ተነሳ። ከዚያ ወደሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ስንቱ በጥፊ በሚማታበት ዘመን እንዲህ ያለ ባል አግኝተሽ...» ሌላውን መገመት አያቅታችሁም።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም። ጥል ማብረድ ያውቁበታል፤ እዚህ ግን የሚበርድ ጥል አልነበረም። ሰውየው አይጣላም! በሽምግልናው የተፈታ ነገር አለ ከተባለ፣ እሷ ራሷን መጠራጠር መጀመሯ ነው። «ምናልባት እኔ ነኝ ነገረኛዋ?» እያለች ነው የመጣችው።

እኔ የተሳሳትኩበት

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀጠሮዎች በራሴ ብልጠት አበላሸሁ።

በሙያችን የታወቀ ሥራ አለ። ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በፈረንጆቹ 1954 ዩጋንዳ ሄዳ፣ ካምፓላ አቅራቢያ ያሉ መንደሮች ውስጥ እናቶችና ሕፃናት እንዴት እንደሚቀራረቡ ቤት ለቤት ተመለከተች። ኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ እናት ለጥቂት ደቂቃ ከክፍል ስትወጣና ስትመለስ ሕፃኑ ምን እንደሚያደርግ የምታይበት ዘዴ አዘጋጀች። አንዳንዶቹ ሕፃናት እናታቸው ስትመለስ ዞር ብለው አያዩዋትም፤ መጫወቻቸው ላይ ናቸው። የተረጋጉ ይመስላሉ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የልብ ምታቸውን ሲለኩ ግን ልባቸው ይመታ ነበር። ዝምታው ለውጪ ነው።

ሰውየውን ሳይ ይሄ ሕፃን ነው አልኩ። በቃ፣ ገና በሕፃንነቱ ከእናቱ ፍቅር ያላገኘ፣ ልቡን የዘጋ ሰው። ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት። ስለ እናቱም በዚሁ ዓይን እየጠየቅሁ ቆየሁ። እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል? ይስማማል። «ይሆናል» ይለኛል። «እርስዎ ያውቃሉ።» (በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ እንጂ ከዚያ አይዘልም፤ ግን «አንተ» በለኝ ብለው እሺ ብሎ በ«እርስዎ» ይቀጥላል።)

ስሕተቴን ያጋለጠችው እናቱ ነች። በአጋጣሚ። ለበዓል መጥተው አዲስ አበባ ነበሩና ሚስቲቱ «ልጅ ሆኖ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ሳቁ። «እሱማ ነዝናዛ ነበር። ቆሎ ካላየ አይተኛም። ቀሚሴን ይዞ ሲጎትተኝ ነው የሚውለው። እንግዳ ሲመጣ ግን ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ሰውየው ተጫውቶ ሊሄድ ሲል ነው ብቅ የሚለው።»

ይህን ሲነግሩኝ ወረቀቴን ቀደድኩት ማለት ይቻላል። እናቱ ጋ የሚነዘንዝ ልጅ ፍቅር ያጣ ልጅ አይደለም። ሲጠይቅ እንደሚያገኝ የሚያውቅ ልጅ ነው የሚነዘንዘው።

ታዲያ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ሌላ ሥራ ረዳኝ። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪሞች ከ1956 (በፈረንጅ) ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ 133 ልጆችን ከሕፃንነታቸው አንሥተው ለብዙ ዓመት ተከታትለዋል። ልጆች ገና ከጅምሩ የተለያየ ጠባይ ይዘው እንደሚመጡ አሳዩ። ከነዚህ 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቀስ ብለው የሚሞቁ ናቸው። አዲስ ሰውና አዲስ ቦታ ላይ ወደኋላ ይላሉ፤ ጊዜ ከተሰጣቸው ግን ይለምዳሉ። ትልቁ ነገራቸው ደግሞ ጠባዩ ለብቻው ክፉም ደግም አለመሆኑ ነው፤ ወሳኙ ልጁና ያደገበት ቤት መግጠማቸው ነው።

የእኛ ልጅ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ነው። ነጠላ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ የሚወጣ። አክስቱ ቤት ሲገባ ያ ነጠላ የለም፤ ሊሞቅ ገና በሁለተኛ ሳምንቱ «አንድ አፍ ተጨመረ» ሰማ። ስለዚህ አልሞቀም። እንግዳ ሆኖ ቀረ፣ ዘጠኝ ዓመት። ለዚህ ነው እኔ ጉዳዩን የተሰበረ ጠባይ ማለት የተውኩት። ልጁ አንድ ደንብ ነው የተማረው፦ «ከሰው ጋር ለመኖር ምንም አለመፈለግ ያስፈልጋል።» ደንቡ ያኔ ትክክል ነበር። ሠርቶለታል፤ በልቷል፣ ተምሯል፣ ተወዷል። አሁንም በዚያው ደንብ ይኖራል፤ ችግሩ ቤቱ መቀየሩን የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

የሞከርነው

ለአንድ ዓመት ተኩል 21 ጊዜ ተገናኘን። አንዳንዴ ሁለቱም፣ አንዳንዴ አንዳቸው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ቃል መከልከል ነው። «ምንም አይደል» እና «እንደፈለግሽ» ለአንድ ወር ቤት ውስጥ አይባሉም አልኩ። ከንቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን «አንቺ እንዳልሽ» ጀመረ። እሱንም ስንከለክል ዝም አለ። ሰው ላይ የቆየ ነገር ስትነጥቅ በምትኩ የምትሰጠው ነገር ከሌለ፣ ዝምታን ነው የምትሰጠው።

ሁለተኛው የከሸፈ ነገር የእሱ ሐሳብ ነበር፤ እኔም ደገፍኩት። አክስቱን ሄዶ ሊያናግራት። ያቺን ማታ ሊነግራት። ሦስት ሳምንት ተዘጋጀን። ሄደ። ገና «ልጅ ሆኜ...» ብሎ ሲጀምር አክስቱ ማልቀስ ጀመሩ። «ከልጆቼ ሁሉ አንድ ቀን ያላስቀየምከኝ አንተ ነህ» አሉት። አጽናናቸው። እግራቸውን አሟቸው ነበርና መድኃኒት ገዝቶላቸው፣ የመብራትም ከፍሎላቸው ተመለሰ። ሲነግረኝ ሦስታችንም ሳቅን፣ እሱም። ከዚያ በኋላ ለማንም ደንበኛ «ሄደህ ተናገር» ስል አራት ጊዜ አስባለሁ። ያሳደጉን ሰዎች ፊት ስንቆም የልጅነቱ ጠባይ ነው ቀድሞን የሚገባው።

የሠራው ነገር ትንሽ ነው፤ ስጽፈው ራሱ ትንሽ ያሳፍራል። በቀን አንድ ነገር ይጠይቃታል። በቃ። «ውኃ አቀብዪኝ» ይበቃል። እሷ መስጠትም መከልከልም ትችላለች፤ እሱ ግን መጠየቅ አለበት። መጠየቁን ማታ ማታ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ የሒሳብ ሰው ስለሆነ ደብተሩን ወደደው።

ደብተሩ እኔ ጋ መጥቶ ነበርና አይቼዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት ጥያቄዎች በሙሉ ምንም የማያስወጡ ናቸው። በእጇ የያዘችውን ሪሞት፣ አጠገቧ ያለውን ትራስ። ልቡ እንደሚመታና እጁን እንደሚያልበው ግን ጽፏል። ትራስ ለመጠየቅ! በ11ኛው ቀን «ወጡ ጨው አንሶታል፣ ጨው ስጪኝ» አላት። እሷ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው። ጨው አንሶታል ብሏት አያውቅም፤ ወጧ ምን እንደሚመስል አምስት ዓመት አታውቅም ነበር ማለት ነው። «ተናደድኩ፣ ደግሞ ደስ አለኝ» አለችኝ። «ሰው ቤቴ ገባ።»

ለውጪው ዓለም ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር። እምቢ በል ብለው አይችልም፤ ይሉኝታው ያንቀዋል። ስለዚህ ራሱን ይሉኝታን ተጠቀምንበት። ፊርማ ወይም ከ1,000 ብር በላይ ያለበት ነገር ሁሉ በዕለቱ አይመለስም፤ መልሱ «ከባለቤቴ ጋር ተማክሬ ነገ እነግርሃለሁ» ነው። ይህ እኛ ዘንድ ነውር አይደለም። ጠያቂውም ፊት ለፊት እምቢ አልተባለም። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ አማካሪ አለው፤ ያቺ መርካቶ ያደገች ሴት። ከሞከርነው ሁሉ ፈጥኖ ፍሬ ያሳየው ይህ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት የዋስትናና ሦስት የብድር ጥያቄዎች መጡበት፤ የተቀበለው አንዱን ነው፤ እሱንም ተማክረው።

አንድ ባልደረባው ግን «ሚስቱ የምታዘው» እያለ ቢሮ ውስጥ ቀለደበት። ይህ ከተነገረው በኋላ ቀጠሮ ሲመጣ እፈራ ነበር፤ ሁሉን ትቶት ይመጣል ብዬ። እሱ ግን በመገረም ነው የነገረኝ። «ተቀየመኝ። ምንም አልሆንኩም» አለ። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የሸሸው ነገር ደረሰበትና ከሰዓት በኋላ ሥራውን ሠርቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሷም የቤት ሥራ ነበራት፤ አልወደደችውም። ዝም ሲላት ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። እሷ ቤት መጮህ «አለሁ፣ ስማኝ» ማለት ነው። እሱ ጆሮ ውስጥ ግን ያ ድምፅ የአክስቱ ባል ጫማ ነው፤ ወዲያው ዘጠኝ ዓመቱ ይሆናል። ስለዚህ ከባድ ነገር ስትናገር ተቀምጣ እንድትናገር፣ ተነስቶ ሲወጣም ወጥ ቤት ድረስ እንዳትከተለው ተስማማን፤ እሱ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሱ ተመልሶ ሊቀመጥ። «ለምን እኔ? የዋሸኝ እሱ፣ የምለወጠው እኔ?» አለች። ልክ ነበረች፣ ቢያንስ በግማሽ። አልተከራከርኳትም። ሁለት ወር ያህል አንዴ ትይዘዋለች፣ አንዴ ትለቀዋለች፤ እሱም ከግማሽ ሰዓት ይልቅ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ይህ ክፍል እስከመጨረሻው አልተስተካከለም።

ሌላ ቦታ ምን ይጠቅማል

ሁሉም ሰው ቤት ያደገ ልጅ እንዲህ አይሆንም። ይህን ጉዳይ ለባልደረቦቼ ሳወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። እዚያው ቤት፣ እዚያው ሰሌን ላይ ተኝቶ፣ በልቻለሁ ሳይሆን «ጨምሩልኝ» የሚል ልጅ ይኖራል። የሰውየው ታናሽ ወንድም በኋላ እዚሁ አክስቱ ቤት ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ከልጆቹ ጋር እየተደባደበ፣ ከአክስቱ ባል ጋር እየተሟገተ። ዛሬም ያው ነው። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። የቀረው ኑሮ ነው። ግን ኑሮው ለሁሉም አንድ ኑሮ አይደለም፤ «አንድ አፍ ተጨመረ»ን ታናሹ ቢሰማው ኖሮ ምናልባት ስቆ ይተኛ ነበር።

ስለዚህ አሁን ሰው ሲመጣ «ምን ደረሰብህ» ከማለቴ በፊት «ከዚያ በፊት እንዴት ነበርክ» እላለሁ። ከተቻለ ደግሞ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፤ እናት፣ ታላቅ እኅት፣ ጎረቤት። ሰውየው ራሱን «ከድሮም ዝምተኛ ነኝ» ብሎ ነበር የሚያውቀው፤ ነዝናዛ እንደነበር ከእናቱ ሲሰማ ሦስት ቀን አላመነም። ከዚያ በኋላ ግን መጠየቅ አዲስ ጠባይ መልበስ መሆኑ ቀረና የራሱን ዕቃ ማውጣት ሆነለት። እኔ እንደማስበው ከደብተሩም ከ«ነገ»ውም በላይ የረዳው ይህች ናት፤ እኔ ግን አላቀድኳትም።

ሌላው፣ ጠባይን በሙሉ ልለውጥ ብሎ መነሳት ድካም ነው። ሰው በአዋቂነቱም ይለወጣል። ከሃያዎቹ ወደ ጎልማሳነት ሲሄድ በአማካይ ይበልጥ ኃላፊነት ይሰማዋል፣ ይበልጥ ይስማማል፣ ጭንቀቱም ይቀንሳል፤ ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነው። ግን በዝግታ ነው። እኛ ጨዋነቱን አልነካነውም። ሁለት ቦታ ብቻ መረጥን፤ እራት ላይና ፊርማ ላይ። እዚያ ደንቡ ይቀየራል፤ ሌላው እንዳለ ይቀጥል። ሰውየው ዛሬም ሠርግ ቤት ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚበላ ሰው ነው። ይሁን።

ቤታችሁ የዘመድ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ የማያስቸግር ልጅ ከሆነ ቆም ብላችሁ እዩት። አራት የራሳችሁ ልጆች ሲነዘንዙ አንዱ ብቻ ሁልጊዜ የበላ፣ ሁልጊዜ ያልበረደው፣ ሁልጊዜ ደብተር ያለው ከሆነ፣ ምስጋናውን ቀነስ አድርጋችሁ ሳህኑን አስቀምጡለት። «በልቻለሁ» ሲልም «እንደገና ብላ» በሉት። እኛ እንግዳን እንዴት እንደምናበላ እናውቅ የለ እንዴ? ሁለቴ ሦስቴ «በሞቴ» ሳንል የምንተወው ቤታችን ያለውን ልጅ ብቻ ነው።

አሁን

የዋስትናው ዕዳ በ2016 ኅዳር ላይ አልቋል፤ ሠላሳ ወር ሙሉ ከፍሎ። የጠፋው ባልደረባ እስካሁን የለም። እሷ አንዳንዴ ወጥ ቤት ድረስ ትከተለዋለች። እሱ አንዳንዴ ቆሞ ይበላል፤ መብራቱን ግን ያበራል። ደብተሩን ከሁለት ዓመት በፊት ትቶታል።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለሁለቱም ላክሁላቸው። እሷ በዚያው ቀን ደወለች። «ነገረኛ አስመሰልከኝ» ብላ ሁለት ቦታ አስነቀለችኝ፤ አሁን የምታነቡት ከዚያ የተረፈው ነው። እሱ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ አጭር መልእክት ላከ።

በማግሥቱ ጠዋት ደወለ። «አንድ ነገር አስተካክልልኝ» አለኝ። «ፍራሽ ብለሃል። ፍራሽ አልነበረም፤ ሰሌን ነው።»

አስተካክያለሁ።